በቻት ሌላ፣ በአካል ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፦ በስክሪን የማውቀው ሰውና ፊቴ የተቀመጠው ሰው አልገጥም አሉኝ። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ ጸሐፊውን የሚያስታውቅ ዝርዝርም አውጥተናል።

«ለአራት ወር በቴሌግራም ስናወራ ቆየን። በጽሑፍ ተጫዋች ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ያስቀኛል፤ ለማንም ያልተናገረውን ነግሮኛል። ባለፈው ሳምንት በአካል ስንገናኝ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ «አዎ»፣ «እሺ» ብቻ ሲል ዋለ። ቤት ከመግባቴ ያው የድሮው ሰው ሆኖ ረጅምና የሚያምር መልእክት ላከልኝ። እውነተኛው የትኛው ነው?» — ግራ የገባት

ሁለቱም እሱ ናቸው። «የትኛው እውነተኛ ነው» ከምትይ «አብሬው የምውለው ከየትኛው ጋር ነው» ብትዪ ይሻላል፤ ይኼኛው መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፍ ምን እንደሚሠራ እንይ። «ዛሬ ደክሞኛል» ብለሽ ትልኪያለሽ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ አንድ ልብ የሚያቀልጥ መስመር ይደርስሻል። ተጽፈው የተሰረዙትን ሁለት ሙከራዎች አንቺ አላየሽም። ሰዎች ፊት ለፊት ሲያወሩ ደግሞ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በሦስት ደቂቃ የሚያምር ሰው በዚያች ቅጽበት ምላሱ ቢተሳሰር አታላይ አያሰኘውም።

የኮሙኒኬሽን ተመራማሪው ጆሴፍ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን ጉዳይ በዝርዝር አስቀምጦታል። በጽሑፍ የሚጀመር ግንኙነት በአካል ከሚጀመረው የበለጠ ሊሞቅ ይችላል ይላል፤ ምክንያቶቹም አራት ናቸው። ላኪው የሚያሳየውን ይመርጣል። መልእክቱን ለማረም ጊዜ አለው። ተቀባዩ የጎደለውን በምናቡ፣ ያውም በሚወደው ቀለም ይሞላዋል። አራተኛው የእነዚህ መመላለስ ነው፦ አንቺ «ተጫዋች ነህ» ብለሽ ስታወሪው እሱም የበለጠ ተጫዋች እየሆነ ይመጣል። ስለዚህ የአራት ወሩን ሰው ግማሹን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ከሚወደዱት መልእክቶቹ አሥሩን አውጪና ባለፈው ሳምንት በሰማሽው ድምፅ፣ በዚያው ዝግታ ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። የትኞቹ ያው እንደቀሩ፣ የትኞቹ እንደቀዘቀዙ ታውቂያለሽ።

ምስጢር ማካፈሉም የራሱ ስሌት አለው። ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሰዎች ቶሎ ይናዘዛሉ። ግን ለማንም ያልተናገረውን ለአንቺ የጻፈ ሰው ፊትሽ ሲቀመጥ ገበናው ተገልጦ እንደተቀመጠ ሊሰማው ይችላል። አንገቱን የደፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎች ግን «አልወደደኝም» ብለው ይተረጉሙታል።

አሁን ወደ ሥራው። ገና ያልተገናኙ አንባቢዎች ከጽሑፍ ቀጥታ ወደ ቀጠሮ ባይዘሉ ይመረጣል፤ በመሃል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚቆዩ ሦስት ወይም አራት የድምፅ ጥሪዎች፣ ከዚያ አንድ ሁለት የቪዲዮ ጥሪዎች ይኑሩ። አንቺ ዘለሽዋል፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ሁለት ጊዜ በድምፅ አውሩ። ቀጠሮው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚያስቀምጥ አይሁን። ጎን ለጎን የሚያስኬድ ወይም እጅ የሚያሠራ ነገር ምረጡ፤ ዓይን አፋር ሰው እየተራመደ ሲያወራ ይቀለዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አታስረዝሙት። በዚያን ቀን ጠዋት ቻት አታድርጉ፤ ለአካል የሚቀር ወሬ ያስፈልጋል። ከቻት ያቋረጣችሁትን አንድ ጨዋታ ይዘሽ ሂጂ፤ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ማለት ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ ድልድይ ነው።

ከቀጠሮው በኋላ የሚመጣውን ረጅም መልእክት ግን ተጠንቀቂ። በአካል የጎደለውን ቻቱ ማታ ማታ እየጠገነው ከሄደ ዓመት ሙሉ አትነቁም። «ይህን በሚቀጥለው ስንገናኝ ንገረኝ» በዪው፤ ደግሞም ስትገናኙ ጠይቂው።

አራት አምስት ቀጠሮ ስጪው። ዓይን አፋርነት እየሟሟ ይሄዳል፦ በሦስተኛው ቀጠሮ መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ራሱ ጥያቄ ማንሳት ይጀምራል፣ ባለፈው ያልሽውን ያስታውሳል። ፍላጎት ማጣት ግን አይሟሟም፤ ስልኩን ያያል፣ ጥያቄ አያመጣም፣ የነገርሽውን ሁለተኛ ያስነግርሻል። በአምስተኛው ቀጠሮም ልዩነቱ እንደ መጀመሪያው ከሆነ ያገኘሽው ጥሩ የብዕር ጓደኛ ነው። እሱም ዋጋ አለው፤ ትዳር ግን በብዕር አይኖርም።

በነገራችን ላይ አራት ወር ረጅም ነው። የፍቅር መተዋወቂያ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከመገናኘት በፊት የሚደረግ ጥቂት ወሬ ይጠቅማል፤ ሲረዝም ግን በአካል የሚመጣውን ሰው ያሳንሰዋል። የተወሰኑ ሳምንታት ይበቃሉ።

«ከፎቶዋ ጋር ስትተያይ ወፈር ያለች፣ አጠር ያለችም ሴት መጣች። ፊቷ ራሱ ነው፣ ግን ራሱ አይደለም። ዋሽታኛለች ብዬ አኮረፍኩ። ጓደኞቼ «ሁሉም ይዋሻል፣ አትካበድ» ይሉኛል።» — ቅር ያለው

ጓደኞችህ ግማሽ ያህል ልክ ናቸው። ካታሊና ቶማ፣ ጄፍሪ ሃንኮክና ኒኮል ኤሊሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የመተዋወቂያ ድረ ገጽ ተጠቃሚ የሆኑ 80 ሰዎችን ጠርተው ቁመታቸውን ለኩ፣ ክብደታቸውን መዘኑ፣ ዕድሜያቸውን ከመታወቂያ አዩ። ከመቶ 81ዱ ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ ከእውነቱ የራቀ ነገር ጽፈው ተገኙ። ወንዶቹ ቁመት ጨመሩ፣ ሴቶቹ ክብደት ቀነሱ። ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ትንሽ፣ ፊት ለፊት ለማስተዋል የሚያስቸግር ነበር። ሰውየው ለመገናኘት አስቦ ስለጻፈው ነው፤ የሚገናኝ ሰው ብዙ አይዋሽም፣ ይያዛላ። ከዚህ ተነስተህ ስታየው ትልቅ ውሸት የሚዋሽ ሰው ወይ መገናኘት አላሰበም፣ ወይ ከተገናኘን በኋላ ሌላው አፍሮ ዝም ይላል ብሎ ቆርጧል።

የፎቶው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሕክምና ጽሑፍ አንድ ፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሚነሳ ሰልፊ ላይ አፍንጫው 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ አስልቷል፤ ከ1.5 ሜትር ሲነሳ መዛባቱ አይኖርም ማለት ይቻላል። ስልኩ ከላይ ወደታች ሲያነሳ ደግሞ አገጭ ይቀጥናል፣ ዓይን ይተልቃል። ማጣሪያ ሳይነካው እንኳ ሰልፊና ሰው አይገጥሙም። ስለዚህ ወደፊት ሦስት ነገር ፈልግ፦ ሌላ ሰው ያነሳው ፎቶ፣ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተነሳ። የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ከሃያ ፎቶ ይበልጣል።

ውሸቱን መመዘኛው አንድ ነው። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ውሳኔዬን ይቀይር ነበር? ትዳር፣ ልጅ፣ የዕድሜ ትልቅ ልዩነት፣ ሥራ፣ የሚኖሩበት ቦታ ውሳኔ የሚቀይሩ ናቸው፤ እነዚህ ላይ ብታኮርፍ አንፈርድብህም። ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ ግን… አንተስ የራስህን ቁመት ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?

«ሁለት ዓመት አብረን ነን። ጭምት ነው፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። በቅርቡ በሌላ ስም የከፈተውን የቲክቶክ አካውንት አየሁ። የማያውቃቸው ሴቶች ቪዲዮ ሥር የሚጽፈው ስድብ ለማውራት ያሳፍራል። ስጠይቀው «ኢንተርኔት ነው፣ ቀልድ ነው» አለኝ።» — ያላመነች

ባታምኚ አይገርምም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር እ.ኤ.አ. በ2004 ሰውን በአካል የማይደፍረውን በኢንተርኔት የሚያስደፍረውን ይህን የልጓም መፈታት ከነምክንያቶቹ ጽፎታል፦ ስም አለመታወቁ፣ ሰውነት አለመታየቱ፣ መልሱ ወዲያው አለመምጣቱ፣ ተቆጪ አለመኖሩ። ያው ልጓም ሲፈታ አንዳንዱ ደግነቱን ያወጣል፣ ያጽናናል፣ ያለቅሳል፤ ሌላው ስድብ ያወጣል። ልጓም መፍታት የሌለውን ነገር አይፈጥርም የሚል አቋም አለን፤ ያለውን ይለቃል እንጂ። «ኢንተርኔት ነው» የሚለው መልስ ምክንያቱን ይነግርሻል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይነግርሽም።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በጀርመን 236 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች በራሳቸው ስም የያዙት የማኅበራዊ ገጽ ከምኞታቸው ይልቅ ትክክለኛ ባሕርያቸውን እንደሚያንጸባርቅ አግኝቷል። የሚያውቁት ሰዎች የሚያዩት ገጽ ብዙ አያስዋሽም። በተደበቀ ስም የተከፈተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው የሚያውቁት እንዳያዩት የፈለገው ነው።

አንድ ኮመንት ይዘሽ አትፍረጂ። ሠላሳ የሚሆኑትን በተርታ እይና ማንን እንደሚሰድብ ለዪ፤ ሁሉንም ነው ወይስ ሴቶችን ብቻ? ኃይለኛ መልስ ሲሰጠው ይሸሻል ወይስ ይብሳል? የሚጽፈው በምን ሰዓት ነው፣ ሲናደድ ነው ወይስ ሲሰለቸው? ሴቶችን ብቻ መርጦ፣ ተረጋግቶ፣ በተደጋጋሚ ከሆነ ጉዳዩ ልጓም አይደለም፣ አመለካከት ነው። ከዚያ ከስክሪን ውጭ፣ ሊጎዱት ከማይችሉ ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሆን ተመልከቺ። ጭምትነት አንዳንዴ ጨዋነት፣ አንዳንዴ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ስትነጋገሩ በቻት አይሁን። ስልኩን ከፍተሽ ከሆነ ያየሽው መጀመሪያ እሱን ተናገሪ፤ ካልተናገርሽ ወሬው ሁሉ ወደ «ስልኬን ለምን ነካሽ» ይዞርብሻል። አንድ ኮመንት ብቻ ቃል በቃል አንብቢለትና ጠይቂ፦ «ሴትየዋ አሁን እዚህ ብትቀመጥ ትላታለህ? በእኔ ስትናደድ በልብህ የምትለው ይህን ነው?» ከዚያ ዝም በዪ። ያፈረ ሰው ስለ ሴትየዋ ያወራል። ያላፈረ ሰው ስለ አንቺ ያወራል፤ እንዴት እንዳገኘሽው፣ እንዴት እንዳካበድሽው። አካውንቱን መዝጋቱ ብቻ አያጽናናሽ፤ ሌላ መክፈት ሁለት ደቂቃ ነው። ስትጣሉ በአፉ የማይለውን በጽሑፍ ማለት ከጀመረ ግን ያ አካውንት ወደ ቤት ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ የምታወሪው ስለ ኮመንት አይደለም።

«ፍቅረኛዬ ፎቶዬን ፖስት አያደርግም። ያፍርብኛል?»

ምንም የማይለጥፍ ሰው አንቺንም ባይለጥፍ ትርጉም የለውም። ምሳውን፣ ጫማውን፣ ጓደኞቹን ሁሉ እየለጠፈ አንቺን ብቻ የሚዘል ከሆነ ትርጉም አለው፤ ጠይቂው። ከስክሪን ውጭ ለስንት ሰው እንዳስተዋወቀሽም ቁጠሪ። ገጹ ላይ ኖረሽ ከወንድሙ ጋር ሳትተዋወቂ ከምትቀሪ የተገላቢጦሹ ይሻላል።

«ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ነች፣ የእኔ መልእክት ግን ሳይነበብ ያድራል። ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ኦንላይን ማለት መተግበሪያው ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከማን ጋር እንደምታወራ አይናገርም። ቻናል ስታነብ፣ ፋይል ስታወርድም ያው ኦንላይን ነች። አንድ ምልክት መልእክቱ መላኩን፣ ሁለት ምልክት መከፈቱን ያሳያል፤ ከስልኩ አናት ላይ በማሳወቂያ ካነበበችው ግን ሁለተኛው አይመጣም። «በቅርቡ ታይታለች» የሚለው ሰዓቷን ስትደብቅ የሚወጣ ሲሆን ከአሁን ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በዚህ ላይ ክስ አይቆምም።

ይልቅ የሚያጣላችሁ ቃናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ሰዎች በኢሜይል የላኩት ምፀት ከመቶ 78 ጊዜ ይገባል ብለው ገምተው ነበር፤ የገባው 56 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። በድምፅ የተላከው ግን 73 ጊዜ ገብቷል። እንደ ደንብ ይህን ያዝ፦ ጽሑፉ ከረረ ብለህ ካሰብክ ሦስተኛውን መልእክት አትጻፍ፣ ደውል።

«47 ዓመቴ ነው፣ የተፋታሁ ነኝ። በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ የሚሠራ መሐንዲስ ነኝ ከሚለኝ ሰው ጋር ስድስት ወር አወራሁ። ካሜራው ሁልጊዜ ተበላሽቷል። ባለፈው ሳምንት ለዕቃ ማስለቀቂያ ብድር ጠየቀኝ። ልጆቼ ይቆጡኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

እናቴ፣ ብሩን አይላኩ። ልከው ከሆነም ዛሬውኑ ለባንክዎ ይንገሩ፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በባሕር ላይ የሚሠራ፣ የማይመጣ፣ ካሜራው የማይሠራ፣ ከወራት በኋላ ዕቃው የተያዘበት ሰው፣ ይህ ታሪክ በብዙ ሰው ላይ ቃል በቃል የተደገመ ነው። ስድስት ወር ሳይጠይቅ መቆየቱ የታማኝነት ምልክት አይደለም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው።

ማጣራት ከፈለጉ ፎቶዎቹን ምስል በሚፈልጉት በጉግል ሌንስና በቲንአይ ይፈልጉ። ፊቱን ብቻ ቆርጠው፣ አንዴም ግራ ቀኙን ገልብጠው ይሞክሩ፤ አታላዮች ፍለጋውን ለማምለጥ ምስል ይገለብጣሉ። በቪዲዮ ከመጣ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን እንዲያዞር፣ እጁን በፊቱና በካሜራው መካከል እንዲያሳልፍ ይጠይቁ፤ በኮምፒውተር የተለጠፈ ፊት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይንሻፈፋል። ግን ቴክኖሎጂው በየጊዜው እየተሻሻለ ነው፤ ይህን ፈተና ማለፉ ብቻውን እውነተኛ አያደርገውም። በአካል ላላገኙት ሰው በስጦታ ካርድም ሆነ በክሪፕቶ ምንም አይላኩ፤ አንዴ ከሄደ መመለሱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው እነዚህን የሚመርጡት።

እንደነቁበት አይንገሩት። መጀመሪያ ውይይቱን፣ ስሞቹን፣ የሒሳብ ቁጥሮቹን በስክሪንሾት ያስቀምጡ፣ ለፖሊስና ለመተግበሪያው ያመልክቱ፣ ከዚያ ያግዱት። ከዚህ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልስልዎታለን፣ ትንሽ ክፍያ ብቻ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ያም የዚያው ወጥመድ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከልጆችዎ መካከል ቶሎ የማይቆጣውን መርጠው ይንገሩት። ሰውየው ሐሰት ቢሆንም የእርስዎ ስድስት ወር ስሜት እውነተኛ ነበርና ሐዘኑ እንደ ማንኛውም መለያየት ጊዜ ይወስዳል።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። 38 ዓመቴ ሆኖ 32 ብያታለሁ። ተፋትቻለሁ፣ የሰባት ዓመት ልጅም አለኝ፤ አልነገርኳትም። የፊታችን ቅዳሜ ልንገናኝ ነው። ስንገናኝ ብነግራት አይሻልም? በአካል ካየችኝ ትረዳኛለች።»

አይሻልም። በአካል ስትነግራት ተዘጋጅታ፣ መንገድ ሄዳ፣ ፊትህ ተቀምጣ ነው የምትሰማው፤ ተነስታ መሄድ ይከብዳታል። አንተ «ትረዳኛለች» ያልከው ያንን መክበድ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ ንገራት፤ በጽሑፍ ብትልከው ስታሳምረው ታድራለህ፣ እሷም መጠየቅ አትችልም።

ከመደወልህ በፊት ፕሮፋይልህ ላይ ያለውን ዕድሜ አስተካክል። ሦስቱንም በአንድ ጥሪ ተናገር፤ እውነትን በክፍል በክፍል መክፈል ከውሸቱ ይብሳል፣ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ «ሌላስ ምን አለ?» ብላ እንድትጠብቅ ያደርጋታል። መጀመሪያ ነገሩን፣ ከዚያ ምክንያቱን፤ ምክንያት ሲቀድም ማባበል ይሆናል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ከቅዳሜ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ዕድሜዬ 38 ነው፣ 32 አይደለም። አግብቼ ተፋትቻለሁ፣ የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ቅዳሜን መሰረዝ ከፈለግሽ ይገባኛል። መጠየቅ የምትፈልጊውን ጠይቂኝ።» ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። «ይቅር በዪኝ» የምትለው ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ቀድመህ ካልከው መልስ እንድትሰጥ እያስገደድካት ነው።

ልጁን በተመለከተ ፎቶ አትላክ። ገና ላልወሰነች ሴት የልጅ ፎቶ መላክ ልጁን ጠበቃ አድርጎ ማቆም ነው።

ዘግታብህ ዝም ካለች አምስት መልእክት አታከታትልባት። ከሳምንት በኋላ አንድ አጭር መልእክት ላክ፤ ቅዳሜ እንዳለፈ፣ ጥያቄ ካላት እንደምትመልስ ብቻ የሚል። ከዚያ በኋላ ተራው የእሷ ነው።